ቀይ ቀበሮ አራተኛ ክፍል ገባ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ በመንዝ ደጋ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አካባቢ ሳይንስ የምታስተምር መምህርት፣ ሌላው የጓሳን ሜዳ ሲጠብቁ ያረጁ ስካውት። ሁለቱም የምናብ ሰዎች ስለሆኑ ስም አልሰጠኋቸውም። አገሩ፣ ሣሩና አውሬው ግን የእውነት ነው።

መምህርት፦ ጋሼ፣ የመጣሁበትን ሳልናገር ቡናውን አልጠጣም። ረቡዕ ክፍሌ ገብተው ስለ ጓሳ እንስሳት እንዲያስተምሩልኝ ነው የመጣሁት።

ስካውት፦ እኔ? ጠመኔ ጨብጬ አላውቅም። ደግሞስ የነማን ልጆች ናቸውና ነው? የእረኛ ልጆች አይደሉም? ጭላዳን ከገብስ ማሳ በወንጭፍ ሲያባርር የዋለን ልጅ እኔ ምን ልጨምርለት?

መምህርት፦ ግማሾቹ እንዳሉት ናቸው። ግማሾቹ ግን የከተማ ልጆች ሆነዋል፤ የነጋዴ፣ የሹፌር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች። ጓሳን ቢያውቁት በመኪና መስኮት ነው። ባለፈው “የምታውቁትን የዱር እንስሳ ሳሉ” ብዬ ወረቀት አደልኳቸው። ምን የሳሉ ይመስልዎታል?

ስካውት፦ ጅብ።

መምህርት፦ አንበሳ፣ ቀጭኔ፣ ዝሆን። ከከተማ ተገዝቶ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ላይ ያሉትን። ዋልያ የሳለ አንድ ልጅ ነበር፤ እሱም ማሊያ አልብሶታል።

ስካውት፦ ብሔራዊ ቡድኑን ነዋ! ቢራውን ያልሳለው ደግ ነው።

መምህርት፦ ይስቃሉ እንጂ፣ በልጁ አልፈርድም። አገሩ ሁሉ እንስሳቱን የሚያውቀው በምልክትነት ነው። አሥር ሳንቲም ላይ የደጋ አጋዘን አለ። እኔና እርስዎ ያንን ሳንቲም ስንት ጊዜ በእጃችን አገላብጠናል? እንስሳውን በዓይናችን ያየነው ግን ስንት ነን? አሁን ሳንቲሙም ከገበያ ጠፋ። ምልክት የሆነን እንስሳ ደግሞ ምን ይበላል፣ የት ያድራል፣ ማን ይገድለዋል ብሎ የሚጠይቅ የለም። “ብርቅዬ” ይባልና ይታለፋል።

ስካውት፦ ይኼንንስ እንግዶቹ ያስተምራሉ። ባነር ይዘው፣ ቲሸርት ይዘው ይመጡ የለ? ልጆቹ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፣ አንዷ ልጅ ግጥም ታነባለች፣ ፎቶ ይነሳል። እኔም ሁለት ቲሸርት አለኝ።

መምህርት፦ እኔም አለኝ፤ ቤት ሳጸዳ እለብሰዋለሁ። የመጡትን ሁሉ አልወቅስም፤ ባሌ ተራሮች ላይ ለቀይ ቀበሮ የሚሠሩት ሰዎች ከውሻ ክትባቱ ጋር አያይዘው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲሠሩ ረጅም ዘመናቸው ነው። ኬንያ ውስጥ ደግሞ የዱር እንስሳት ክበባትን በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመሠረቱት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ክበባቱ እስከ ዛሬም አሉ። የኛ ችግር አንድ ቀን ሆኖ መቅረቱ ነው። በማግስቱ ልጁ ወደ ሒሳቡና ወደ አማርኛው ይመለሳል፤ በሒሳቡ ውስጥ ቀበሮ የለም፣ በአማርኛው ውስጥ ጭላዳ የለም። የማስበው ክበብ ማቋቋም አይደለም። ክበብ አለን፤ ስሙ በሚኒ ሚዲያ ይነበባል፣ ችግኝ በክረምት ይተክላል፣ በበጋ ይረሳዋል። እኔ የምፈልገው እንስሳው በየትምህርቱ ውስጥ ገብቶ እንዲውል ነው።

ስካውት፦ ሒሳብ ውስጥ ቀበሮ ምን ይሠራል?

መምህርት፦ እሱን ልንገርዎት። እዚሁ ጓሳ ላይ ጭላዳን ለዓመታት ሲከታተሉ የነበሩ ተመራማሪዎች በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ጥናት አሳትመዋል። ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራው የሚሳካለት 25ቱ ነው። በሚግጥ የጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67ቱ ይሳካለታል።

ስካውት፦ ቁጥሩን አላውቅለትም እንጂ ስንቴ አይቼዋለሁ! ጭላዳው ተቀምጦ ሣሩን ይነጫል፤ ቀበሮው በመካከላቸው አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ ይሄዳል። ግልገሎቹ አጠገቡ እየተንከባለሉ ዞር ብሎ አያያቸውም። እነሱም አይሸሹትም። ውሻ ብቅ ሲል ግን መንጋው እንዳለ ወደ ገደሉ ነው።

መምህርት፦ ይኸው! እንግዲህ ለአራተኛ ክፍል የሚሆን ጥያቄ፦ ቀበሮ 12 ጊዜ ሞከረ፤ ብቻውን ሲሆን ከአራት አንዱ ይሳካለታል፣ ከጭላዳ ጋር ሲሆን ከሦስት ሁለቱ። ስንት ስንት አይጥ ያገኛል? ሦስትና ስምንት። ክፍልፋይን በብርቱካን ከማስተምር በዚህ ባስተምር ምን ይጎድላል? ከዚያ ደግሞ “ለምን ይመስላችኋል?” እላለሁ። አይጦቹ ከመንጋው እግር ሲሸሹ ብቅ ይሉ ይሆን? ወይስ ቀበሮው ከጭላዳዎቹ ጋር ተመሳስሎ ሳይታይ ይጠጋ ይሆን? ተመራማሪዎቹም አልቆረጡም። ሊቃውንቱ ያልቆረጡትን ጥያቄ የአሥር ዓመት ልጅ ሲይዘው ይታይዎት፤ ያውም ከነሱ ይልቅ ሜዳው ላይ የሚውል ልጅ።

ስካውት፦ ከብት ጋርም እንዲሁ ነው። ቀበሮ በሬ ስትከተል ዋለች የሚባለው ተረት አለ አይደል፣ ይወድቅልኛል ብላ…

መምህርት፦ ጋሼ፣ የሚወድቅላት ምን እንደሆነ ክፍል ውስጥ አይንገሩብኝ።

ስካውት፦ ወይ ጉድ፣ አልናገርም! የምልሽ ግን ተረቱ ሞኝ አደረጋት እንጂ ሞኝስ አይደለችም። ከብቱን ተገን አድርጋ ስትሄድ አይጧ አታያትም። ተረቱን ያወጣው ሰው ከሩቅ ሆኖ “ይቺ ቂል ምን ትጠብቃለች” አለ፤ ስንት አይጥ እንደለቀመች ግን አላየም።

መምህርት፦ ባሌ ላይም ይህንኑ አይተውታል፤ ቀበሮዎች ከከብት መንጋ ጋር እየተጓዙ አይጥ ሲያድኑ። ይኼማ የአማርኛ ትምህርት ነው፤ ተረቱን እንዲጽፉት አደርግና “ተረተኛው ምን አየ? ምን ሳያይ ቀረ?” እላቸዋለሁ። ደግሞ ሌላ ልጨምርልዎት። በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከባሌ የወጣ ወሬ ነው። ቀይ ቀበሮ የአበባ ማር ሲልስ ታየ። ያቺ ደጋ ላይ እንደ ችቦ ቀጥ ብላ የምትቆመዋ፣ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆነችው አበባ። አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ይልሳል፤ አፍንጫው በአበባ ብናኝ ይሞላል። ሥጋ በል አውሬ እንደ ንብ አበባ ያዳቅል ይሆናል ማለት ነው።

ስካውት፦ እኛ ልጆች ሳለን እንመጣት ነበር፤ ጣፋጭ ናት።

መምህርት፦ ያስገረመኝም እሱ ነው። ጥናቱን ከሠሩት አንዱ ሲናገሩ፣ አበባው ጣፋጭ መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት የባሌ እረኞች ልጆች ሲልሱት አይተው ነው። እንግዲህ እውቀቱ ከማን ዘንድ እንደነበረ ይዩት። የእረኛው ልጅ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን “አታውቅም፣ ተቀመጥ” ይባላል። ከመጽሐፉ ላይ የዝሆንን ኩምቢ ያጠናው የከተማ ልጅ መቶ ከመቶ ያገኛል። እኔ ይኼን መገልበጥ እፈልጋለሁ።

ስካውት፦ እንዳትገለብጪው አድርገሽ ገልብጪው። እረኛ ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። ያየውን ያውቃል፤ የሰማውንም እንዳየ ያወራል። ጅብ ዐሥር ዓመት ወንድ፣ ዐሥር ዓመት ሴት ይሆናል የሚልሽ እረኛ ነው።

መምህርት፦ እውነት ነው፤ ለዚያም ነው “እንዴት አወቅህ?” የሚለውን ጥያቄ ሳልሰለች የምጠይቀው። አይቼ፣ ሰምቼ፣ ገምቼ። ደብተራቸው ላይ ሦስት ዓምድ አስምሬያለሁ። አንድ ልጅ “ጭላዳ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል” ብሎ “አይቼ” ሥር ጻፈ። ጎረቤቱ “በሌሊት ምን ልትሠራ ሄድክ?” አለውና ተጣሉ። በመጨረሻ “ማታ ሲወርዱ አይቼ፣ ጠዋት ሲወጡ አይቼ፣ ማደራቸውን ገምቼ” ብሎ አስተካከለ። ለኔ ከዚህ የሚበልጥ የሳይንስ ትምህርት የለም።

ስካውት፦ እሺ፣ እኔ ልጠይቅሽ። ክፍልሽ ገባሁ፤ አንዱ ልጅ ተነሥቶ “ጋሼ፣ ግልገላችንን የበላው ያንተ ቀበሮ ነው” አለኝ እንበል።

መምህርት፦ ምን ይሉታል?

ስካውት፦ እውነቱን። አዎ፣ ግልገል አንዳንዴ ይወስዳል። የዕለት ቀለቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። ጅብ፣ ተራው ቀበሮና ባለቤት የሌለው ውሻ ከሚጨርሱት ጋር ሲተያይ የሱ ኢምንት ነው። አንዳንድ እንግዳ ግን “ቀይ ቀበሮ በግ አይነካም” ብሎ ንግግሩን ይዘጋል። ግልገሉ የተበላችበት ልጅ ከዚያ ወዲያ የሚባለውን ሁሉ አይሰማም፤ ልክም ነው። ስለዚህ መለያውን አስተምረዋለሁ። እግረ ረጅም ነው፣ ጠጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር። ይህን አይተህ ከሆነ እሱ ነው፤ ካላየህ ስሙን አታንሳ እለዋለሁ። ሰውም ላይ እኮ እንዲህ ነው የሚመሰከረው።

መምህርት፦ ከሦስቱ ዓምድ ጋር ገጠመልኝ። ግን ደግሞ ስንት እንደቀሩም መንገር አለብን። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። እዚህ መንዝ ያሉት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ጎጃም ጮቄ ላይ፣ ጎንደር ጉና ላይ ነበሩ፤ ዛሬ የሉም።

ስካውት፦ ንገሪያቸው፣ ግን አታስፈራሪያቸው። ለአሥር ዓመት ልጅ “ዓለም ሊጠፋ ነው፣ አንተ አድነው” ማለት ሸክም ነው። እኔ ጎልማሳ ሆኜ፣ ደሞዝ እየተከፈለኝ ያላዳንኩትን እሱ በምኑ ያድነዋል?

መምህርት፦ የሚችለው አንድ ነገር አለ። ውሻው።

ስካውት፦ እሱስ ልክ ነሽ።

መምህርት፦ ባሌ ላይ በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። ያመጣው የሰው ውሻ ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ቀበሮን በጥይት ከመግደል ይልቅ ውሻን ሳያስከትቡ መልቀቅ የባሰ ይገድለዋል። ይህን ብቻ ብላቸው ግን “ለቀበሮ ብለን ነው እንዴ?” ይሉኛል። ስለዚህ ከነሱ ነው የምጀምረው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አብዷል ተብሎ የሚጠረጠር እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች ከአሥሩ አራቱ ገደማ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሽታው ምልክቱን አንዴ ካሳየ መድኃኒት የለውም። ከተነከሱ በኋላ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር። ጠበል መሄድ ያለበት ይሂድ፤ ክትባቱ ግን አይቀርም። 15 ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ እንዲያውቁት በሰዓት አስለካኋቸው፤ ውኃው ቧንቧችን ላይ ባይኖርም እጃቸውን እያሹ ቆሙ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ “ቲቸር፣ አልደረሰም?” ማለት ጀመሩ።

ስካውት፦ ይኼ ነው ትምህርት! ከመቶ ውሻ ስንቱ ቢከተብ ይበቃል ይሉ ነበር? ሰባ?

መምህርት፦ ሰባ። ሰባው ከተከተበ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቆረጣል። ይኼም ሒሳብ ነው። ልጆቹ የየሰፈራቸውን ውሻ ቆጥረው፣ የተከተበውንና ያልተከተበውን ጠይቀው፣ ከመቶ ስንት እንደሆነ ያወጣሉ። ከዚያ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ለክትባት ሲመጣ የትኛው ሰፈር እንደቀረ እነሱ ያሳዩታል።

ስካውት፦ እዚህ ላይ ቁሚልኝ። ከቤት ለቤት ዞሮ መጠየቅ አይጥመኝም። ዛሬ ውሻ ቆጠሩ፤ ነገ “ጓሳ የሚያጭደው የማን አባት ነው?” ተብለው ይጠየቃሉ። ልጅ አባቱ ላይ ጆሮ ጠቢ አይሆንም። በኔ ዘመን ይህን የሞከሩ ነበሩ፤ ልጁ ቤቱ ሲገባ የጠበቀው ዱላ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ዱር እንስሳ የሚያወራ ሰው ሲያይ መንገድ ይሻገራል።

መምህርት፦ በዚህ እስማማለሁ፣ በሙሉ ግን አይደለም። ሳሙናና ክትባት ቤት ድረስ ቢሄዱ ማን ይጎዳል? እናቶች የሚያዳምጡት ከኛ ይልቅ ልጆቻቸውን ነው። ሣር ያጨደን ሰው ስም ግን ክፍሌ ውስጥ አላስጠራም። የራሱን ውሻ ብቻ ይቁጠር ካሉኝም እሺ።

ስካውት፦ የራሱን ይቁጠር። የጎረቤቱን ጎረቤቱ ይቆጥራል።

መምህርት፦ እሺ፣ አሸነፉኝ። አሁን የጅቡን ነገር ልንገርዎት፤ በጣም የወደዱት እሱን ነው። ትግራይ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው፣ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ ሰበሰቡ፤ ውስጡ ያለውን ጠጉር በማይክሮስኮፕ አይተው የበላውን እንስሳ ለዩ። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ጠጉር የተገኘው ከመቶ ኩስ በ15ቱ ገደማ ነበር። በጾሙ ውስጥ 33 ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ።

ስካውት፦ ሰው ሲጾም ጅቡ አህያ በላ?

መምህርት፦ ሰው በግ ካላረደ፣ አጥንትና ቆዳ ሜዳ ላይ ካልተጣለ፣ ጅብ የሚለቅመው ያጣል፤ ስለዚህ ያድናል። ልጆቹ ይኼን ሲሰሙ ክፍሉ ተናወጠ። አንዷ “ቲቸር፣ በኛ ጾም ምክንያት አህያችን ሞተች ማለት ነው?” አለችኝ። ምን ልበላት? “አህያችሁን በጾም ወቅት ማታ ማታ ቤት አስገቡ” አልኳት። እኛ በቀን መቁጠሪያችን የምናደርገው ነገር የአውሬውን ማዕድ ሲለውጠው ማየት! ልጁ ራሱን ከተፈጥሮ ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ አድርጎ ማየቱን ይተዋል፤ ውስጥ ነው ያለው።

ስካውት፦ ለኔ ግን አሁንም ወሬ ብቻ ይመስለኛል። ዓይን ያላየውን ልብ አይዘውም። አንድ ነገር ይዤ ልምጣ እንዴ? ገደል የጣለው የጭላዳ ግልገል አልፎ አልፎ ይገኛል…

መምህርት፦ በፍጹም! ሕያው እንስሳ ክፍሌ አይገባም። አንዴ አንድ ልጅ ኤሊ በካርቶን ይዞ መጣ፤ በማግስቱ ሦስት ልጆች ሌላ ኤሊ ፍለጋ ቀርተው ዋሉ። በእጅ የታቀፈ አውሬ የሚያስተምረው አውሬ መታቀፍ እንደሚቻል ነው። በሆለታ መንገድ ያለውን እንስሳ ኮቴን ያውቁታል? እዚያ የሚጠለሉት አንበሶችና አቦሸማኔዎች ከሰው እጅ የተወሰዱ ናቸው። የአቦሸማኔ ግልገል ከአፍሪካ ቀንድ አገሮች ተሰርቆ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ይሸጣል፤ ለቤት ጌጥ። እዚያ የሚገዛው ሰውም ልጅ ሳለ ግልገል አቅፎ ፎቶ ቢነሳ ደስ የሚለው ዓይነት ልጅ ነበር። የሞተ እንስሳም አይነካም፤ የእብድ ውሻ ነገር አለ።

ስካውት፦ ታዲያ ባዶ እጄን ልምጣ?

መምህርት፦ ኮቴ ያምጡልኝ። ዝናብ ካረፈ በኋላ ጭቃው ላይ የቀረውን የቀበሮ፣ የውሻና የጅብ ኮቴ በጄሶ ያውጡልኝ። ጄሶውን እኔ እገዛለሁ። ጠረጴዛ ላይ ደርድረን የማን እንደሆነ እንዲለዩ እናደርጋለን። ሌላው ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ አለ። ጋጋኖው ማለዳ ከጣሪያ በላይ እየጮኸ ሲያልፍ ክፍሉ ሁሉ ማስተማሬን ያቋርጣል፤ አሁን እኔም አቋርጬ ስንት እንደሆኑ አስቆጥራለሁ። ያ ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር ሌላ አገር የለም፤ ልጆቹ የሚያውቁት ዳቧቸውን ሲነጥቅ ነው። አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረውን አሞራ አንድ ቀን ሁላችንም በአንድነት አየነው፤ የዚያን ዕለት የእንግሊዝኛ ፈተና በአሥር ደቂቃ ዘገየ።

ስካውት፦ የምትይው ሁሉ ደግ ነው። ግን ልጆቹ ጓሳን ሳያዩ? አንድ ቅዳሜ እናውጣቸው።

መምህርት፦ ስድሳ ሦስት ልጅ ነው ያለኝ። መኪና የለም፣ ስንቅ የለም፣ ብርዱ እንደሚያውቁት ነው። አንድ ልጅ ቢጠፋ ወይም ገደል ቢያንሸራትተው ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። እኔም ማውጣት እፈልጋለሁ፤ ግን “ካልወጡ አይማሩም” ብለን ከጀመርን መኪናው እስኪመጣ ዓመቱ ያልቃል።

ስካውት፦ ይሁን። እኔ የማወራላቸውንም አስቤዋለሁ፤ ቀሮን፣ የድሮውን የሣር ጥበቃ ሥርዓት ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉት አባቶች አገሩን ሲያቀኑ ጓሳን እንዴት እንደከለሉት። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ከብት አይገባ፣ ማጭድ አይገባ። ሲከፈት ሁሉም በሥርዓቱ ያጭዳል፤ ለጎጆ ክዳን፣ ለገመድ። ድርቅ ሲሆን ለከብቱ ይከፈታል። ይህ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። ልብ አድርጊ፣ ማንም ለቀበሮ ብሎ አልዘጋውም። ለጎጆው ነው የዘጋው። ቀበሮውና ጭላዳው በሰው ጎጆ ሰበብ ኖሩ።

መምህርት፦ በጣም ያምራል። እንዲህ አድርገው ይንገሯቸው። ግን አንዷ ልጅ እንደምትጠይቅዎ ከወዲሁ አውቃለሁ። ቀና ብለው የቤትዎን ጣሪያ ይዩ።

ስካውት፦ ቆርቆሮ ነው። ካለበስኩት ቆይቷል፤ ጓሳው በየጊዜው ጥገና ይፈልጋል።

መምህርት፦ የትምህርት ቤቱም ቆርቆሮ ነው፤ የልጆቹም ቤት አብዛኛው ቆርቆሮ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀሮን አፈረሰው እንላለን፤ እውነት ነው፣ ፈርሶ ሁሉም ገባበት፤ ኅብረተሰቡ እንደገና ተሰብስቦ እስኪያቆመው ድረስም ብዙ ተጎዳ። የጎጆው ምክንያት ግን በአዋጅ አይመለስም። የቀሮ ዘመን ልጅ ትምህርት ቤት ባይገባም አባቱ ሣሩ ደርሶ እያየ ማጭዱን ሲያስቀምጥ አይቶ ተምሯል። ዛሬ ማጭዱን የሚያስቀምጥ አባት ልጁን “ለምን?” ሲባል ምን ይለዋል?

ስካውት፦ ቱሪስት ይመጣል፤ ሎጁ ገቢ ያስገባል ይለዋል።

መምህርት፦ ከስድሳ ሦስቱ ስንቱ አስጎብኚ ይሆናል? ቱሪስቱ ደግሞ አንድ ዓመት መጥቶ ሦስት ዓመት ይቀራል፤ አይተነዋል። “ቀበሮን ጠብቅ፣ ፈረንጅ ይከፍልሃል” ብሎ ያሳደጉት ልጅ ፈረንጁ የቀረ ዕለት ቀበሮውን ምን ያደርገዋል? በገንዘብ የምናስተምረው ከሆነ ገብሱ ይበልጣል።

ስካውት፦ ውኃውስ? ከጓሳ የሚነሣው ምንጭ በአንድ በኩል ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሣሩ ከተጋጠ ምንጩ ይደርቃል። ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ።

መምህርት፦ እሱ ይሻለኛል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ወንዝ ከየት እንደሚመጣ በካርታ ላይ ወደ ላይ እየተከተሉ እንዲደርሱበት አደርጋለሁ። በየወሩ ጥልቀቱን በእንጨት ይለኩ። ግን ጋሼ፣ ውኃውም ሣሩን ይጠብቅልን ይሆናል እንጂ ቀበሮውን አይጠብቅም። ቀበሮ የሌለበት ሜዳም ውኃ ይሰጣል።

ስካውት፦ ታዲያ ለቀበሮው ምን ልበላቸው? አንቺ ንገሪኝ እንግዲህ።

መምህርት፦ እኔም አልጨረስኩትም። ለዚህ ነው ረቡዕ እንዲመጡ የምለምንዎት። የቀሮን ታሪክ ይንገሯቸውና ጣሪያው ላይ ያቁሙት። “ጎጆው ቆርቆሮ ሆነ፤ አሁን ለምን እንጠብቀው?” ብለው ይጠይቋቸው፣ መልሱን አይስጧቸው። የእረኛዋ ልጅ አንድ ነገር ትላለች፣ የነጋዴው ልጅ ሌላ። “ምንም ምክንያት የለም” የሚል ይኖራል፤ እሱንም ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ።

ስካውት፦ እሱን ልጅ እኔ እመልስለታለሁ!

መምህርት፦ አይመልሱለትም። ይጽፉለታል።

ስካውት፦ ምን ዓይነት ትምህርት ነው ይኼ? መምህሩ ዝም ብሎ ተማሪው የሚያወራበት። በይ እሺ። ስንት ሰዓት ነው?

መምህርት፦ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤ አርባ ደቂቃ አለን። አሥሩን ደቂቃ መቀመጫ ሲያጡና ሲገፋፉ ይበሉታል፤ ቀሮውን በአሥራ አምስት ይጨርሱልኝ።

ስካውት፦ አራት መቶ ዓመት በአሥራ አምስት ደቂቃ!

መምህርት፦ የቀረውን በሚቀጥለው ረቡዕ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ እንግዳ ክፍል ሲገባ ርዕሰ መምህሩ ማወቅ አለባቸው። ጽፌዋለሁ፣ እርስዎ እዚህ ጋ ይፈርሙ።

ስካውት፦ “የሥራ ልምድ” የሚል ቦታ አለው። ምን ልሙላ?